በአኒሜሽን ፊልም ሁሌ ባትማን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዲሲን፣ ማለትም ባትማንንና ሱፐርማንን የሚያሳትመውን የአሜሪካ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ድርጅት፣ የአኒሜሽን ፊልም ለማየት የተቀመጠ ሰው ብዙ ሳይቆይ ባትማንን ማግኘቱ አይቀርም። ርዕሱ ላይ ባይኖር ታሪኩ ውስጥ አለ። ታሪኩ ባይፈልገው እንኳ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይታያል። በዚህ ጉዳይ የሚነሱት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የትኞቹን ፊልሞች ማለትህ ነው?

በዋናነት የዲሲን ፊልሞች የሚሠራው ዋርነር ብራዘርስ ከ2007 ጀምሮ በዲቪዲና በብሉ ሬይ፣ በኋላም በኢንተርኔት ሲያወጣቸው የቆዩትን። ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ለቤት ተመልካች የሚሸጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ50 በላይ ሆነዋል። አብዛኞቹ ታሪካቸውን የሚወስዱት ቀድሞ ከታተመ ኮሚክ ነው። ርዝመታቸውም አጭር ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞሉም።

እውነት በዝቷል ወይስ ዝም ብላችሁ ነው የምታማርሩት?

እስቲ ርዕሶቹን እንይ። የባትማን ስም ያለባቸው 20 ያህል ናቸው። ሱፐርማን ወደ 10 ገደማ አለው። ግሪን ላንተርን 3 አግኝቷል። ከባትማንና ከሱፐርማን እኩል የዲሲ ምሰሶ የምትባለው ዎንደር ውመን ያላት 2 ብቻ ነው። ፍላሽና አኳማንማ በዚህ ተከታታይ ውስጥ በራሳቸው ስም የወጣ አንድም ፊልም የላቸውም።

አንድ ወቅት ደግሞ በተለይ ያስቃል። ከሜይ 2014 እስከ ጁላይ 2016 ድረስ 8 ፊልሞች ወጡ። አምስቱ ርዕሳቸው ላይ ባትማን አለ። የቀሩት ሦስቱ ጀስቲስ ሊግ ይላሉ፤ ባትማን ራሱ ያለበት የጀግኖች ቡድን ነው። ሌላ የለም፤ በቃ።

ከሦስቱ አንዱ የ2015ቱ «ጋድስ ኤንድ ሞንስተርስ» ነው። እዚያ ውስጥ ሱፐርማን የድሮ ጠላቱ የጄኔራል ዞድ ልጅ ነው፤ ያሳደጉትም የሜክሲኮ ስደተኞች ናቸው። ባትማን የምናውቀው ባለጸጋ ብሩስ ዌይን ሳይሆን ደም የሚመጥ ሳይንቲስት ነው። ዎንደር ውመንም ተዋጊ ሴቶች ከሆኑት ከአማዞኖች ጋር ምንም ዝምድና የላትም። እንግዲህ ሦስት አዲስ ሰዎች ፈጠሩና ሦስቱንም የድሮውን ስም አለበሷቸው። ፊልሙን እወደዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ፈጠራ በራሱ ስም መውጣት አለመቻሉ ይገርመኛል።

ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?

ገንዘብ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚሠራ ማየት ይሻላል።

ሲኒማ ቤት የሚገባ ፊልም ትልቅ የማስታወቂያ በጀት አለው። ከመውጣቱ ከወራት በፊት ስሙ በየቦታው ይነሳል። በቀጥታ በዲስክ የሚሸጥ ፊልም ይሄ የለውም። ማስታወቂያው ሽፋኑ ነው። ኮሚክ አንብባ የማታውቅ እናት ለልጇ ስጦታ ልትገዛ ሱቅ ገብታ ሁለት ሹል ጆሮ ያለው ጥቁር ጭንብል ካየች ማን እንደሆነ ታውቃለች። አስማተኛዋን ዛታናን ብታይ አታውቃትም። ውሳኔው እዚያ መደርደሪያ ፊት በጥቂት ሰከንድ ያልቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነሳም። ፊልሞቹ የሚቀዱት ከታወቁ ኮሚኮች ነው። የታወቁትን ኮሚኮች ደርድሩ ብትባሉ ደግሞ «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» 1986፣ «ይር ዋን» 1987፣ «ዘ ኪሊንግ ጆክ» 1988፣ «ዘ ሎንግ ሃሎዊን» 1996፣ «ሃሽ» 2002 ትላላችሁ። ሁሉም የባትማን ናቸው። ሁሉም አኒሜሽን ሆነዋል። የሕትመቱ ዓለም ለአሥርት ዓመታት ምርጥ ጸሐፊና ምርጥ ሠዓሊ ለባትማን ሲሰጥ ቆየ። አኒሜሽኑ ያንን ወረሰ። ስለዚህ አድልዎው የጀመረው ፊልም ከመሠራቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

ሦስተኛው፣ ባትማን በራሱ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። «ዘ ኪሊንግ ጆክ» በጁላይ 2016 አሜሪካ ውስጥ ለአጭር ጊዜ፣ በመጀመሪያ ለአንድ ምሽት ተብሎ፣ ሲኒማ ቤት ታየ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ለዲስክ የተሠራ ፊልም ነው እኮ! ኮሚኩ አጭር ስለነበር ፊልሙ ላይ ስለ ባትማን አጋር ስለ ባትገርል ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ መግቢያ ጨመሩበት። ያም መግቢያ ክፉኛ ተተቸ። ገንዘቡ ግን ገባ። ይህንን ያየ የሒሳብ ክፍል ቀጥሎ ምን እንደሚፈቅድ መገመት አይከብድም።

«ያልታወቀ ጀግና አይሸጥም» የሚሉት እውነት ነው?

በከፊል። ግን ማስረጃው የሚሰበሰብበት መንገድ ችግር አለው።

የዎንደር ውመንን ታሪክ እዩ። በሎረን ሞንትጎመሪ የተመራው የመጀመሪያ ፊልሟ በ2009 ወጣ። ጥሩ ፊልም ነው፤ ከተከታታዩ ምርጦች ተርታ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። ሁለተኛው የወጣው በ2019 ነው። አሥር ዓመት! በመካከል የ2017ቱ በሰው ተዋንያን የተሠራው ፊልሟ ዓለም ላይ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በዚያው አሥር ዓመት ባትማን ከደርዘን በላይ አግኝቷል። ይህ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ጎል አላገባም ተብሎ ለዓመታት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አጥቂ ማለት ነው። ከዚያ «አየኸው? ጎል የለውም» ይሉሃል።

በሌላ በኩል «ቢግ ሂሮ 6» አለ። ይህ ቡድን በ1998 አካባቢ የታየ፣ የዲሲ ተፎካካሪ የሆነው የማርቭል አንባቢዎች እንኳ በቅጡ የማያውቁት ነበር። ዲዝኒ በ2014 ፊልም አደረገው። ዓለም ላይ ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በ2015 የምርጥ አኒሜሽን ኦስካርንም ወሰደ። ታዳጊው የሸረሪት ሰው ማይልስ ሞራሌስ ደግሞ የተፈጠረው በ2011 ነው። በ2018 የወጣው ፊልሙ ኦስካር አሸነፈ፤ የ2023ቱ ተከታይ ከ680 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ሐቀኛ እንሁን ግን። ማይልስ የሸረሪት ሰው ስምና ልብስ ይዞ ነው የመጣው። «ቢግ ሂሮ 6» ደግሞ ፖስተሩ ላይ ዲዝኒ የሚል ስም ነበረው። ሁለቱም የታወቀ ስም ተጠቅመዋል። ልዩነቱ፣ ስሙ ሰውን ፊልሙ ጋ ካደረሰ በኋላ ዞር ማለቱ ነው። ማይልስ ፊልም ውስጥ የድሮው የሸረሪት ሰው ፒተር ፓርከር አለ፤ ደክሞታል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ትዳሩ ፈርሷል። ታሪኩ ግን የልጁ ነው። አንድም ጊዜ ከልጁ አልተነጠቀም።

የቡድን ፊልም ችግሩን አይፈታውም?

ይፈታል ተብሎ ይታሰባል። በተግባር ሌላ ነገር ይሆናል። «ጀስቲስ ሊግ» የሚለው ስም ለሌሎቹ ጀግኖች መሸፈኛ ሆኗል። የ2013ቱ «ፍላሽፖይንት ፓራዶክስ» ከላይ እስከ ታች የፍላሽ ታሪክ ነው። እናቱን ለማዳን ጊዜን ያበላሸ ሰው ታሪክ ነው። ኮሚኩ «ፍላሽፖይንት» ብቻ ይባል ነበር፤ ፊልም ሲሆን ጀስቲስ ሊግ የሚል ፊቱ ላይ ተለጠፈበት። የ2015ቱ «ትሮን ኦፍ አትላንቲስ»ም አኳማን ማን እንደሆነ የሚተርክ ፊልም ነው። ርዕሱ ላይ ግን አኳማን የለም።

ከሁሉ የባሰው የ2014ቱ «አሶልት ኦን አርክሃም» ነው። ሱሳይድ ስኳድ የሚባሉት ወንጀለኞች አርክሃም የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ወንጀለኞች ማቆያ ሰብረው የሚገቡበት ፊልም ነው። ዴድሾት፣ ሃርሊ ኩዊን፣ ካፒቴን ቡሜራንግ ናቸው ባለታሪኮቹ። ርዕሱ ግን «ባትማን፦ አሶልት ኦን አርክሃም» ይላል። ባትማን በራሱ ፊልም እንግዳ ነው ማለት ነው። ፊልሙ ራሱ ደስ ይላል፤ ባለጌና ፈጣን ነው። ርዕሱን ተከትሎ የገባ ልጅ ግን ምን እንደሚያይ አላወቀም።

በ«ጀስቲስ ሊግ ዳርክ» ባትማን ምን ይሠራል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ኮሚኩ በ2011 ሲጀመር ቡድኑ የአስማተኞች ነበር፤ ኮንስታንቲን፣ ዛታና፣ ዴድማን። ሐሳቡም ሱፐርማንና ባትማን የማይችሉት ነገር ሲመጣ ማን ይመጣል የሚል ነበር። ባትማን የቡድኑ አባል አይደለም።

በ2017 ፊልም ሲሆን ባትማን ገባ። ዴድማን በመንፈስ መጥቶ የባትማን ቤት ግድግዳ ላይ «ኮንስታንቲን» እያለ ይጽፋል፤ በዚህ ሰበብ ባትማን ጉዳዩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አስማት በተሠራ ቁጥር ፊቱን ማኮሳተር ነው። አስማቱን ለማያውቅ ተመልካች አስረጂ ያስፈልጋል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አልተዋጠልኝም። ኮንስታንቲን ራሱ ከበቂ በላይ ወሬኛ ነው። በ2018 የወጣው የኮንስታንቲን ፊልም «ሲቲ ኦፍ ዲመንስ» ያለ ባትማን ተሠራ፤ ታሪኩ ጨለማ ነው፣ መጨረሻው ያማል፣ አስረጂ ሳያስፈልገው ገባን።

ትልልቆቹን በትክክል የተጠቀመ ሥራ አለ?

አለ፤ ምርጦቹ ግን ፊልም ሳይሆኑ የቴሌቪዥን ተከታታይ ናቸው።

«ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» ከ2004 እስከ 2006 ታየ። በዚያን ጊዜ ባትማን የራሱ አዲስ የቴሌቪዥን ተከታታይ ተጀምሮለት ነበር፤ በ2005 ደግሞ አዲስ የሲኒማ ፊልም ወጣ። ስለዚህ የባትማን ከተማ የጎተም ሰዎችን፣ ጠላቱን ጆከርን ጨምሮ፣ «ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» እንዳይጠቀም ተከለከለ። ባትማን ራሱ ይፈቀዳል፤ ጠላቶቹና ወዳጆቹ ግን አይፈቀዱም። አድናቂዎች ይህን የባትማን ማዕቀብ ይሉታል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ጸሐፊዎቹ መጋዘኑን መፈተሽ ግድ ሆነባቸው። ዘ ኴስቺን የሚባል ፊት አልባ ተጠራጣሪ መርማሪ ዋና ሰው ሆነ። ሃንትረስ፣ ብላክ ካናሪ፣ ቪጂላንቴ የየራሳቸውን ታሪክ አገኙ። አንድ ክፍል ላይ ትልልቆቹ ጀግኖች ከአንድ ጠንቋይ ጋር ከተማ የሚያፈርስ ጦርነት ላይ ናቸው። ካሜራው ግን እነሱን ትቶ ሕዝብ እንዲበትን ከታዘዘው ቡስተር ጎልድ ጋር ይሄዳል። ጦርነቱን የምናየው በጨረፍታ፣ ከጀርባ ነው። ቡስተርም ማንም ሳያየው ዓለምን ያድናል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ካየኋቸው ብዙ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው «ባትማን፦ ዘ ብሬቭ ኤንድ ዘ ቦልድ» ነው፤ ከ2008 እስከ 2011፣ 65 ክፍል። እዚህ ባትማን በእያንዳንዱ ክፍል አለ። ሆኖም ሥራው ሌላ ሰው ማስተዋወቅ ነው። ዛሬ ብሉ ቢትል፣ ነገ ፕላስቲክ ማን፣ ከነገ ወዲያ ጉረኛው አኳማን። በጣም የታወቀውን ስም ይዞ ብዙም ያልታወቁትን ማሳየት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

«ስታቲክ ሾክ»ም ይነሳ። ስታቲክ በ1993 ማይልስቶን በተባለው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ባቋቋሙት የኮሚክ ድርጅት የወጣ ታዳጊ ጀግና ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ድዌይን ማክዳፊ ነበር፤ ይኸው ሰው ነው በኋላ «ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» ላይ ከዋና ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው። የስታቲክ ተከታታይ በ2000 ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ ባትማን አልመጣም። ልጁ ቤተሰቡን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ከተማውን አስተዋወቀን። ባትማን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም እንግዳ ሆኖ ነው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል።

ሌሎቹ ጀግኖች የት ሄዱ ታዲያ?

ብዙዎቹ ዲስኩ ጀርባ ላይ አሉ። ከ2010 ጀምሮ «ዲሲ ሾውኬዝ» የሚባሉ አጫጭር ፊልሞች ከትልልቆቹ ጋር እየተጨመሩ ይሸጣሉ። ዘ ስፔክተር፣ ጆና ሄክስ፣ ግሪን አሮው፣ አዳም ስትሬንጅ፣ ካማንዲ፣ ብሉ ቢትል እዚያ ነው ያሉት። ጆና ሄክስን ለማየት የባትማንን «አንደር ዘ ሬድ ሁድ» መግዛት ነበረባችሁ። ደግነቱ ዲስኩ ሁለቱንም የሚያስመሰግን ነው።

አጫጭሮቹ ድፍረት አላቸው። የሚያጡት ነገር ስለሌለ ይመስለኛል። ግን ከላይ ከጠቀስኳቸው ከአንዳቸውም ሙሉ የአኒሜሽን ፊልም ሲወጣ አላየንም።

ማርቭልስ?

ማርቭል ከ2006 እስከ 2011 ከፊልም ድርጅቱ ላየንስጌት ጋር 8 የአኒሜሽን ፊልሞች አውጥቶ አቆመ። ከ8ቱ አንዱ የዶክተር ስትሬንጅ ነው፤ በ2007፣ ከኮሚክ አንባቢ ውጭ ያለው ሰው ስሙን እንኳ ሳይሰማ። በዚያ በኩል ደፋር ነበሩ። የነሱ ጣጣ የባለቤትነት መብት ነበር። በ«ፕላኔት ኸልክ» ሲልቨር ሰርፈር የሚባለውን ጀግና መጠቀም ስላልቻሉ ቤታ ሬይ ቢል የሚባለውን አስገቡ። በእኔ ዓይን ተተኪው ፊልሙን አሻሻለው።

ባትማንን መውደድ ነውር ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። የ1993ቱን «ማስክ ኦፍ ዘ ፋንታዝም» አሁንም ከኮሚክ አኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ አስቀድመዋለሁ። በ2022 ያረፈው ኬቨን ኮንሮይ ድምፅ ሳይኖር ባትማንን ማሰብ ያቅተኛል። ቅሬታው ለሌላው የሚተርፍ ቦታ ባለመኖሩ ላይ ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል?

አሳምረው። በ2018 ሲኒማ ቤት የወጣው የ«ቲን ታይታንስ ጎ!» ፊልም ሙሉ ቀልዱ ይሄው ነው። የባትማን ረዳት ሮቢን ፊልም ይሠራልኝ ብሎ ይለምናል። የባትማን አሽከር አልፍሬድ ፊልም ያገኛል፣ መኪናው ፊልም ያገኛል፣ ቀበቶው ሳይቀር ያገኛል። ሮቢን ግን አያገኝም። ይህን የሠራው ዋርነር ብራዘርስ ራሱ ነው። በራስ መሳቅ ጥሩ ነው፤ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ግን አልቀየረውም። በ2019 «ባትማን፦ ሃሽ» ወጣ።

ከየት ልጀምር?

ትልልቆቹ ከሰለቿችሁ በ2019ኙ «ጀስቲስ ሊግ ቨርሰስ ዘ ፌታል ፋይቭ» ጀምሩ። ሦስቱም ምሰሶዎች አሉ፤ የታሪኩ ልብ ግን በጭንቀት ሕመም ከቤት መውጣት የሚከብዳት ጄሲካ ክሩዝ ናት። ከዚያ የ2009ኙን «ዎንደር ውመን» እዩ። የጃፓን አኒሜ አሳሳል የሚወድ «ካትውመን፦ ሃንትድ»ን ይሞክር፤ ባትማን የለበትም፣ 2022 ነው። ከግሪን ላንተርኖቹ አንዱን፣ ጆን ስቱዋርትን፣ የሚወድ ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣውን «ግሪን ላንተርን፦ ቢዌር ማይ ፓወር» ይይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አኒሜሽን ስለሆነ ብቻ ለልጆች አይደለም። «ዘ ኪሊንግ ጆክ»፣ «ጀስቲስ ሊግ ዳርክ» እና «አፖኮሊፕስ ዋር» አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የሚሰጠውን አር የሚል ደረጃ የተሰጣቸው ናቸው። ደም አለ፣ ስድብ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው የታወቀ ፊት ወላጅን የሚያዘናጋውም እዚህ ላይ ነው።

ወደፊት ይለወጣል?

ጥሩ ምልክት አለ። በ2022 መጨረሻ ጄምስ ጋንና ፒተር ሳፍራን የዲሲ ስቱዲዮስ ኃላፊ ሆኑ። በዲሴምበር 2024 የአዲሱ ዓለማቸው የመጀመሪያ ሥራ ብለው ያወጡት «ክሪቸር ኮማንዶስ» የሚባል አኒሜሽን ነው። ማንም የማያውቃቸው ጭራቆች የሞሉበት። ሁለተኛ ምዕራፍም ተፈቅዶለታል። ተከታታይ ነው እንጂ ፊልም አይደለም፤ ቢሆንም በሱፐርማን አለመጀመራቸውን ልብ ብያለሁ።

ሌላው ሕግ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የ1938ቱ የመጀመሪያ ሱፐርማን በ2034፣ የ1939ኙ ባትማን በ2035 የሕዝብ ይሆናሉ። ነፃ የሚሆነው ያ የድሮው ቅጂ ብቻ ነው፤ ገና የማይበረው፣ የሚዘለው ሱፐርማን። ያኔ ማንኛውም ስቱዲዮ የራሱን መሥራት ይችላል። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ዋርነር ፊቱን ወደ ሌሎቹ ጀግኖች ያዞራል ይላሉ፤ የእሱ ብቻ ሆነው የሚቆዩት በኋላ የተፈጠሩት ናቸውና። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በ2035 ከአሥር የተለያየ ስቱዲዮ አሥር ባትማን የሚመጣብን ይመስለኛል።